የትከሻ መድረቅ፦ "ብርድ ነው" ተብሎ የሚታለፈው ሕመምና ሕክምናው

ጋቢ ለመደረብ ክንዱን ያነሳ ሰው እጁ ከመንገድ ተይዞ ሲቀር፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ለመመለስ የሞከረች ሴት በሕመም ስትገታ፣ ጠመኔ የያዘ መምህር ከሰሌዳው የላይኛው ክፍል መድረስ ሲያቅተው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ማውረድ ሲሳናት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ "ብርድ ነው" ይባላል። ሌሊት የሚብሰው ሕመም፣ በታመመው ጎን መተኛትን የሚከለክለው ውጋትና ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጠበበ የሚሄደው የክንድ እንቅስቃሴ ግን ከብርድ ጋር የማይገናኝ፣ የራሱ ስምና የራሱ ሂደት ያለው በሽታ ምልክቶች ናቸው።

በሕክምናው ዓለም "ፍሮዝን ሾልደር" ወይም "አድሄሲቭ ካፕሱላይተስ" በመባል የሚታወቀው ይህ ሕመም በአማርኛ የትከሻ መድረቅ ሊባል ይችላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ስለሚቆይ ሠራተኛውን ከሥራው፣ አርሶ አደሩን ከማሳው፣ እናትን ከቤት ውስጥ ተግባሯ ያስተጓጉላል። ጉዳቱን የሚያባብሱትም ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ናቸው። አንደኛው ክንድን አስሮ ያለ እንቅስቃሴ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተያዘውን ትከሻ በኃይል ጎትቶ ለማስለቀቅ መሞከር ነው። ከእነዚህ ጋር ሳይስተዋል የሚቀር አንድ ጉዳይም አለ፤ ይኸውም የደረቀ ትከሻ አንዳንድ ጊዜ ተደብቆ የኖረ የስኳር በሽታ ምልክት መሆኑ ነው።

የሰሜን ሜጫ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መራዊ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ ለማልማት የተገነባ ነው። ቦይ መጥረግ፣ ማረስ፣ ማረም፣ ምርት መጫንና ማውረድ የዕለት ተዕለት ተግባር በሆነበት በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የአንድ ክንድ ከሥራ ውጪ መሆን ለቤተሰቡ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በከተማዋ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ለሚያገለግሉ ሠራተኞችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚከሰተው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ በመሆኑ የሚያጠቃው ልምድ ያካበተውንና ኃላፊነት የተሸከመውን የኅብረተሰብ ክፍል ነው።

ስያሜው ከየት መጣ?

ሕመሙን በሕክምና ጽሑፍ ቀደም ብለው ከገለጹት መካከል ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሞን ኤማኑኤል ዱፕሌ ይጠቀሳል። ዱፕሌ እ.ኤ.አ በ1872 ባወጣው ጽሑፍ የትከሻው ችግር ያለው በመገጣጠሚያው ዙሪያ በሚገኙ ለስላሳ አካላት ላይ መሆኑን አመልክቷል። "ፍሮዝን ሾልደር" የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ 1934 ነው። ኮድማን በዚያው ሥራው ሕመሙ ለማስረዳትም ሆነ ለማከም አስቸጋሪ መሆኑን አስፍሯል። እ.ኤ.አ በ1945 ጁሊየስ ኔቪያሰር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም የታማሚዎችን መገጣጠሚያ መርምሮ ችግሩ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት መወፈርና መኮማተር መሆኑን በማሳየት "አድሄሲቭ ካፕሱላይተስ" የሚለውን መጠሪያ ሰጥቶታል።

በጃፓንና በቻይና ሕዝቡ ለሕመሙ የሰጠው ስም "የሃምሳ ዓመት ትከሻ" የሚል ትርጉም አለው፤ ይህም ሕመሙ የሚመጣበትን ዕድሜ በትክክል ያመለክታል። የእንግሊዝኛው ስያሜ በቀጥታ ሲተረጎም "በረዶ የሆነ ትከሻ" እንደማለት ስለሆነ በአገራችን ከሚሰጠው የብርድ ምክንያት ጋር የሚስማማ ሊመስል ይችላል። መመሳሰሉ ግን የቃል ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ትከሻው እንደ ረጋ ነገር አልንቀሳቀስ ማለቱን እንጂ ቅዝቃዜ ያመጣው መሆኑን አይገልጽም። ብርድ ቀድሞ የነበረን ሕመም የበለጠ እንዲሰማ ሊያደርግ ቢችልም የመገጣጠሚያውን ሽፋን እንዲኮማተር የሚያደርግ ምክንያት አይደለም።

በመገጣጠሚያው ውስጥ ምን ይከሰታል?

ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ሰፊ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ነው። የላይኛው የክንድ አጥንት ክብ ራስ ጥልቀት በሌለው የብራኳ ጎድጓዳ ክፍል ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ሁለቱን አጥንቶች ዙሪያውን የሚሸፍን ስስና ልል ከረጢት አለ። የከረጢቱ የታችኛው ክፍል በብብት በኩል እንደ ቀሚስ እጥፋት ተሸብሽቦ የሚገኝ ሲሆን፣ ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ እጥፋቱ እየተዘረጋ ለእንቅስቃሴው ቦታ ይሰጣል።

የትከሻ መድረቅ ሲጀምር ይህ ከረጢት ይቆጣል፤ ብግነትም ይፈጠርበታል። ቀጥሎም በውስጡ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ስለሚበዛ ይወፍራል፣ ይኮማተራል፣ እጥፋቱም ይጠፋል። ሁኔታው ለብዙ ጊዜ ዘይት ሳይነካው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ስልቻ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ስልቻው አልተቀደደም፤ ሆኖም አልዘረጋም ብሏል። በጤናማ ሰው ትከሻ ውስጥ ያለው ክፍተት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ መያዝ የሚችል ሲሆን በደረቀ ትከሻ ግን ይህ መጠን ወደ 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ታማሚው ራሱ ክንዱን ማንሳት የሚያቅተው ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢያነሳለትም ክንዱ ከአንድ ቦታ በላይ አያልፍም።

በበሽታው ይበልጥ የሚጠቁት እነማን ናቸው?

የሕክምና ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከ100 ሰዎች መካከል ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ሴቶች ከወንዶች በመጠኑ ይበልጣሉ። ከስኳር ታማሚዎች መካከል ግን ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 20 ይደርሳል። በስኳር ታማሚዎች ላይ ሕመሙ ከመበርታቱም በላይ ረዘም ላለ ጊዜ የመቆየትና ሁለቱንም ትከሻ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን መብዛት ወይም ማነስም ከሕመሙ ጋር ግንኙነት አለው። ከዚህ ሌላ ክንድ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ የሚያደርግ ማንኛውም ሁኔታ ትከሻን ሊያደርቅ ይችላል። የክንድ ስብራት ደርሶበት ለሳምንታት ክንዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመ ታማሚ እንዲሁም የጡት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። ያም ሆኖ በብዙ ታማሚዎች ላይ ሕመሙ የሚጀምረው ምንም ዓይነት አደጋ ወይም ግልጽ ምክንያት ሳይኖር ነው። ታማሚው "ምን እንደነካኝ አላውቅም" ማለቱ በራሱ የበሽታው መለያ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስቱ ደረጃዎች

በሽታው ሦስት ደረጃዎችን ተከትሎ ይጓዛል። ደረጃዎቹን ለይቶ ማወቅ ጠቃሚ የሚሆነው በአንዱ ደረጃ የሚጠቅመው እርምጃ በሌላው ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

የመጀመሪያው የሕመም ደረጃ ሲሆን ከ2 እስከ 9 ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ወቅት ዋናው ችግር ሕመሙ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ ክንድ በድንገት ሲነቀነቅ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ውጋት ይፈጥራል። እንቅስቃሴውም ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄዳል።

ሁለተኛው የመድረቅ ደረጃ ሲሆን ከ4 እስከ 12 ወራት ይወስዳል። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ክንዱ ግን እንደተያዘ ይቆያል። ፀጉር ማበጠር፣ ኪስ ውስጥ እጅ መክተት፣ ከጀርባ ልብስ ማሰርና መኪና ላይ መሳፈር ያስቸግራል።

ሦስተኛው የመለቀቅ ደረጃ ነው። እንቅስቃሴው በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል። ይህም ከ5 ወራት እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። አብዛኛው ታማሚ ሥራውን ለመሥራት የሚያስችለውን እንቅስቃሴ መልሶ ያገኛል። ሆኖም በጥቂቶች ላይ መጠነኛ የእንቅስቃሴ መገደብ ለዓመታት ሊቀር ስለሚችል "ጊዜ ይፈታዋል" ብሎ ያለ ክትትል መተው ተገቢ አይደለም።

ከሌሎች ሕመሞች የሚለየው እንዴት ነው?

የትከሻ ሕመም ሁሉ የትከሻ መድረቅ አይደለም። በጎንደር ከተማ መምህራን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ጥናት ከተጠየቁት መምህራን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የትከሻ ወይም የአንገት ሕመም እንዳለባቸው መግለጻቸውን አሳይቷል። ከዚህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛው ከጡንቻ መዛልና ከአቀማመጥ ጉድለት የሚመጣ ነው። የትከሻ መድረቅ ግን ግልጽ መለያ አለው።

መለያውን ለማየት ታማሚው ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ በ90 ዲግሪ እንዲያጥፍና ክርኑን ሳያላቅቅ መዳፉን ወደ ውጭ እንዲያዞር ይደረጋል። ቀጥሎ መርማሪው ራሱ ቀስ ብሎ ያዞርለታል። በሁለቱም ሙከራ ክንዱ እኩል ቦታ ላይ ተይዞ ከቆመ ችግሩ የከረጢቱ መኮማተር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ታማሚው ራሱ ማንሳት ሲያቅተው መርማሪው ግን ያለ ችግር ማንሳት ከቻለ የተጎዳው ጅማት ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ ውድ መሣሪያ ስለማይፈልግ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊከናወን የሚችል ነው።

የራጅ ምርመራ የትከሻ መድረቅን በቀጥታ አያሳይም፤ በአብዛኛው ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ይታያል። ጥቅሙ ግን ስብራትን፣ የመገጣጠሚያ ውልቃትን፣ የአጥንት መበላትንና ሌሎች ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ በሽታዎችን ለመለየት ነው። በመሆኑም "ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ" ማለት ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። ከመውደቅ በኋላ የትከሻ ቅርጽ መለወጥ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ማበጥ፣ የክንድ በድንገት መስነፍ ወይም መደንዘዝ፣ ከክብደት መቀነስና ከረጅም ጊዜ ሳል ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ የግራ ትከሻ ሕመም ደግሞ የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ የሚዘገይበት አይደለም።

የስኳር ምርመራ ለምን?

የስኳር በሽታ ለዓመታት ያለ ጎላ ምልክት ሊቆይ ይችላል። በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የመገጣጠሚያ ሽፋንና ጅማት ከተሠሩበት ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ጠንካራና የማይሳብ ያደርገዋል ተብሎ ይታመናል። ትከሻ በስኳር ታማሚዎች ላይ ቶሎ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለዚህ ያለ አደጋ ትከሻው የደረቀበት ጎልማሳ ሁሉ የደም ስኳሩን መለካት ይጠቅመዋል። ምግብ ሳይበላ ካደረ ሰው በተወሰደ ደም ውስጥ የስኳር መጠኑ በተለያዩ ቀናት ሁለት ጊዜ ተለክቶ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ መኖሩን ያመለክታል። ምርመራው ቀላል ሲሆን የሚያስገኘው ጥቅም ግን ከትከሻ በላይ ነው። በጊዜው የታወቀ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ከጉዳት ለመጠበቅ ያስችላል። ለትከሻው ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ዓይኑንና ኩላሊቱን አትርፎ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ሕክምናው

በሕመሙ ደረጃ የሕክምናው ቀዳሚ ዓላማ ሕመምን መቀነስና እንቅልፍን መመለስ ነው። ለዚህም ፓራሲታሞል እንዲሁም እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እነዚህ ሁለተኛዎቹ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመምና የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ እየገዙ ለወራት መውሰድ አይገባም።

በሠለጠነ ባለሙያ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙን በጉልህ ይቀንሳል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሆን በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ወቅት እንቅስቃሴ መጀመር ተመራጭ ነው። መርፌው የስኳር ታማሚዎችን የደም ስኳር ለጥቂት ቀናት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ታማሚው ስኳር እንዳለበት አስቀድሞ መናገርና በእነዚያ ቀናት ልኬቱን መከታተል ይኖርበታል።

የሕክምናው ምሰሶ ግን እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ምን ያህል መሆን እንዳለበት ግን ብዙዎችን ያሳስታል። በኔዘርላንድስ በ77 ታማሚዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2004 የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ነው። አንደኛው ቡድን ሕመምን አልፎ የሚሄድ ጠንካራ የማፍታታት ሕክምና ሲደረግለት፣ ሁለተኛው ሕመም እስከሚፈቅድለት ድረስ ብቻ ለስላሳ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ተመክሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥሩ ውጤት ያገኙት ከሁለተኛው ቡድን ከ100 ሰዎች 89 ሲሆኑ ከመጀመሪያው ግን 63 ነበሩ። በተለይ በሕመሙ ደረጃ ኃይል መጨመር ፈውስን እንደማያፋጥን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቤት ውስጥ የሚደረጉ እንቅስቃሴዎች

ከእንቅስቃሴው በፊት ትከሻን በሞቀ ውኃ በተነከረ ፎጣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ማሞቅ ይረዳል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ቆዳቸው ሙቀትን በደንብ ላይለይ ስለሚችል የውኃውን ሙቀት ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥላቸው ማድረግ አለባቸው።

በመጀመሪያ ታማሚው በጤናማው እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ይልና የታመመውን ክንድ ልል አድርጎ ያንጠለጥለዋል። ከዚያም ክንዱን አንድ ጫማ ስፋት ባለው ክብ በሁለቱም አቅጣጫ አሥር አሥር ጊዜ ቀስ አድርጎ ያወዛውዛል። ይህ እንቅስቃሴ በሕመሙ ደረጃም ሊሠራ የሚችል ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በጀርባው ተኝቶ ሁለቱንም ክርኖች ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ ዱላ በሁለት እጁ አግድም በመያዝ፣ በጤናማው እጅ ዱላውን እየገፋ የታመመውን እጅ ወደ ውጭ ያዞራል። በሦስተኛ ደረጃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በታመመው እጁ ጣቶች ግድግዳውን እንደ ሸረሪት እየወጣ እስከሚችለው ድረስ ይደርሳል። የደረሰበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ቢያደርግበት ከሳምንት ሳምንት የሚታየውን ለውጥ መከታተል ይችላል። ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ ደግሞ ፎጣ ከጀርባው በኩል በሁለት እጁ ይዞ በጤናማው እጅ ወደ ላይ መሳብ ይጨመራል።

መመዘኛው ቀላል ነው። የመወጠር ስሜት ተፈላጊ ነው፤ እስከ ማግስቱ የሚቆይ ወይም እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ግን እንቅስቃሴው መብዛቱን ያሳያል። በቀን አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ከመሥራት ይልቅ ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ መሥራት ይመረጣል። በዕለት ተዕለት ኑሮም ልብስ ሲለበስ የታመመውን እጅ መጀመሪያ ማስገባት፣ ሲወልቅ በመጨረሻ ማውጣት፣ ሌሊት ደግሞ ከታመመው ክንድ ሥር ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል።

ወጌሻና ባህላዊ ሕክምና

በአገራችን ለወለምታና ለውልቃት ወደ ወጌሻ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ወጌሾችም ኅብረተሰቡ የሚያምናቸው ናቸው። የትከሻ መድረቅ ግን የወለቀም የተናጋም አጥንት የለበትም። ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር በሌለበት በኃይል መጎተትና ማጠማዘዝ የተቆጣውን ከረጢት ይበልጥ ያስቆጣል፤ ጅማት ሊበጥስ፣ አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ ሰዎችንም ክንድ ሊሰብር ይችላል። ለስላሳ መታሸት ለጊዜው ማስታገሱ አይካድም። በእሳት መተኮስና ዋግምት ግን ቁስል ስለሚፈጥሩ በተለይ ለስኳር ታማሚዎች የኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ።

በክንድ ስብራት ምክንያት ክንዳቸውን ለሚያንጠለጥሉ ሰዎችም ማስገንዘቢያው ይሠራል። ሐኪሙ ከወሰነው ጊዜ በላይ "ይጥና" ብሎ አስሮ ማቆየት ስብራቱ የዳነለትን ሰው ለደረቀ ትከሻ ይዳርገዋል።

ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚያስኬደው መቼ ነው?

ታማሚው ለወራት ተከታትሎ ለውጥ ካላገኘ ሌሎች አማራጮች አሉ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ በመርፌ ሞልቶ ከረጢቱን መለጠጥ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ ክንዱን በተመጠነ መንገድ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ፣ ወይም በአርትሮስኮፒ መሣሪያ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የተኮማተረውን ሽፋን መቁረጥ ይቻላል።

በእንግሊዝ አገር በ35 ሆስፒታሎች 503 ታማሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ በ2020 "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በማደንዘዣ ማንቀሳቀስን፣ የአርትሮስኮፒ ቀዶ ሕክምናንና ከስቴሮይድ መርፌ ጋር የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒን አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ በሦስቱ መካከል ለታማሚው ኑሮ ጉልህ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከቀዶ ሕክምናው ጋር የተያያዙ ችግሮች ግን ከሌሎቹ በርከት ያሉ ነበሩ። ይህ ውጤት ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ለሚኖሩ ታማሚዎች ተስፋ ሰጪ ነው። መርፌና በአግባቡ የተመራ እንቅስቃሴ ያገኘ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ባለማግኘቱ ብዙ እንዳልቀረበት ያሳያልና።

የመራዊ ነዋሪ በከተማዋ ከሚገኘው ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጀምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆን በሪፈር ወረቀት በባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚተዳደረው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ከሚያሠለጥኑ የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ፊዚዮቴራፒ በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ሕክምና አይደለም። በየሳምንቱ 70 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጉዞ ማድረግ ለአርሶ አደርም ሆነ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ከባድ ነው። መፍትሔው ታማሚው በጥቂት ቀጠሮዎች እንቅስቃሴዎቹን በሚገባ ተምሮ ቀሪውን በቤቱ እንዲሠራ፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያም መሻሻሉን እየለካ እንዲከታተል ማድረግ ነው። በ2003 ዓ.ም በሙከራ ደረጃ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተጀመረውና በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈርን፣ ፎገራንና ተሁለደሬን ያካተተው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት መጓዛቸው ከተጨማሪ ወጪ ያድናቸዋል።

ከመሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

የትከሻ መድረቅ ከውጭ የሚታይ ቁስል ስለሌለው ታማሚው "ሥራ ለመሸሽ ነው" የሚል ጥርጣሬ ሊገጥመው ይችላል። የሥራ ኃላፊዎች በሽታው እውነተኛ፣ ረጅምና አብዛኛውን ጊዜ የሚድን መሆኑን መረዳታቸው ተገቢ ነው። ታማሚው በአብዛኛው ከሥራ ገበታው መቅረት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሥራው በመጠኑ እንዲስተካከልለት ነው።

የዘወትር ፋይሎችን ከትከሻ ከፍታ በታች ወዳሉ መደርደሪያዎች ማውረድ፣ ጠረጴዛና ወንበርን ክርን ተደግፎ በሚያሠራ ከፍታ ማስተካከል፣ ለመምህሩ የሰሌዳውን የታችኛውን ክፍል እንዲጠቀም ወይም ተማሪ እንዲጽፍለት መፍቀድ፣ ከባድ ዕቃ የማንሳት ሥራን ለጊዜው ለሌላ መስጠትና ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ፈቃድ መስጠት ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። በዚህ መንገድ የተደገፈ ሠራተኛ ልምዱንና አገልግሎቱን ይዞ በሥራው ላይ ይቆያል።

በአጠቃላይ የትከሻ መድረቅ በጊዜ ከታወቀ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ከብዙ እንግልት የሚያድን ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ክንድን አለማሰር፣ በኃይልም አለማስጎተት፣ በየዕለቱ ሕመም እስከሚፈቅደው ድረስ ማንቀሳቀስና የደም ስኳርን መለካት በመራዊም ሆነ ከመራዊ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች ያለ ትልቅ ወጪ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። ክንዱ ከሳምንታት በላይ አልነሳ ያለው ሰው ሁሉ "ብርድ ነው" ብሎ ከመተው ይልቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።